የሻምበል ግራ እግር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 1 ሰ. ከ20

ትኩስ ጨርቅ፣ አምስት ደቂቃ። ማሸት፣ አምስት ደቂቃ። ጉልበቱን ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ዘርግቶ መያዝ፣ ሃያ እስኪቆጠር፣ ሦስት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ፣ ሰባት ስደርስ፣ ከንፈሩን ላሰ። አቆምኩ። ከንፈሩን ከላሰ ወይም ዞሮ እጄን ካየ አመመው ማለት ነው ብላኛለች ዶ/ር ሰላም። ውሻ እንደ ሰፈራችን ሰው «ወይኔ እግሬን» አይልም።

ደብተሬ፣ አንተን ያስገዛችኝ እሷ ናት። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ጋውኗን የምሰፋላት እኔ ነኝ፣ ትውውቃችን በዚያ ነው። በየቀኑ ስለ እግሩ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ስለ እግሩ ብቻ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፣ እንግዲህ ቻለው።

የሆነውን ልጻፍ፣ ኋላ እንዳይረሳ። ሻምበል የሱቆቻችን መስመር ጠባቂ ውሻ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ። መስከረም ላይ ጣቃ ጨርቅ ሊያራግፍ ወደ ኋላ የመጣ አይሱዙ ግራ የኋላ እግሩን ጭኑ ላይ ሰበረው። ዶ/ር ሰላም ቀዶ ጥገና አድርጋ ብረት አስገባችለት። አጥንቱ ገጥሟል፣ ተመስገን። እግሩ ግን ወርዶ መሬት አይነካም። በሦስት እግር ነው ኑሮው። ጡንቻው መንምኗል፣ ጉልበቱ ደርቋል፤ ካልተፍታታ እንደታጠፈ ይቀራል ተብያለሁ።

እና መኮንን። ከሱቄ ፊት ለፊት ምንጣፍ ይሸጣል፤ የመስመሩ ነጋዴዎች ኮሚቴ ሰብሳቢም ነው። ትናንት መጥቶ ቆመና፣ እንደ ልማዱ ግራ እጅጌውን ወደ ላይ እየጎተተ፣ እስከ ታኅሣሥ 22 እንይ አለ። የማይሮጥ ውሻ ጠባቂ አይባልም። ካልሆነ ሌላ ይመጣል፣ ሻምበልን አንድ ቦታ እንወስደዋለን። አንድ ቦታ የት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዘበኛችን ጋሼ ሰይድ አጠገባችን ቆመው ሰሙ። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ እሳቸውም ጉልበታቸውን አሟቸው ያነክሳሉ። እሱ የሄደ ቀን እኔም ሄድኩ አሉ።

ስለዚህ እጄ ላይ ያለው የሁለት ነፍስ ጉዳይ ነው። እኔ ደግሞ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6። ጠዋት 1 ሰ.

ጁምዓ ነው። ከአምስት ሰዓት በኋላ አንዋር መስጊድ ሞልቶ የተረፈው ሰጋጅ እስከ በራችን ያነጥፋል፤ ስለዚህ በጠዋት ጨረስን።

ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፣ ሃይማኖታቸውን ጠባቂ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሻምበልን የሚዳብሱት በዱላቸው ጫፍ ነው። የውሻ ለሃጭ ከነካቸው ለሰላት ሰባት ጊዜ መታጠብ አለባቸው፣ አንዱን በአፈር። እኔ ግን እግሩን ስይዝ ራሱን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው? ሳልጠይቅ ከተራረፈ ጋበርዲን ቱታ ሰፋሁላቸው፣ ለሻምበል ሥራ ብቻ የሚለበስ። ዛሬ ስፌቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ለበሱት። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሻምበል መጀመሪያ ግራ ገባው። ቆይቶ ራሱን ጭናቸው ላይ ጣለና እጃቸውን ላሰ።

ስንጨርስ ጀሪካናቸውን ይዘው ጓሮ ገቡ። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ሲመለሱ፣ አላህ ለፍጥረቱ ማዘንን አልከለከለንም፣ ውሃውን ብቻ አያጥፋብን አሉኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ጨርቅ የማወጣ መስዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ምንጣፍ ያልኩህ የመኮንን ነው። ሲሚንቶው ያንሸራትተዋል ስትል ዶክተሯን ሰምቶ ኖሮ ቁራጭ ላከልን። ይህ ሰውዬ አይገባኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ከሰዓት 9 ሰ.

ዶ/ር ሰላም መጣች። ታክሲው ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ ጥሏት በእግሯ፣ በተሸካሚዎች መሃል እየተሽሎከለከች። እንዲህ እያለች የምትመጣው ለውሻ ነው። እድሜ ይስጥልኝ።

መጀመሪያ አቁማ አየችው። ከዚያ አስሄደችው። ከዚያ አስተኝታ ከጣቶቹ ጀምራ ወደ ላይ ወጣች፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ። አንዱን መገጣጠሚያ ስታንቀሳቅስ በሌላ እጇ ከበላዩ ያለውን ትደግፋለች። አትጎትትም። እንቢ የሚልበት ላይ ስትደርስ እዚያው ትጠብቀዋለች። ዳሌው ደህና ነው። ችግሩ ጉልበቱ ነው፤ ከጭኑ በስተኋላ ያለው ጡንቻ አጥሮ ይይዘዋል። እንደ መቀስ የሚከፈት የፕላስቲክ ማስመሪያ አላት፣ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚዘረጋ በእሱ ትለካለች። ለእኔ አንድ ወረቀት ተወችልኝ፤ ላዩ ላይ ተዘርግቶ የተያዘ የውሻ እግር ተስሏል። በየሳምንቱ ይለኩልኝ፣ ሁለቱንም እግር ጎን ለጎን፣ አለችኝ።

መለካት! ለእኔ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሜትር ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። እሷ እንደሄደች የሥዕሉን እግር በሻምበል ቁመት ልክ አሳድጌ ካርቶን ላይ ቆረጥኩ፣ እንደ እጅጌ ሞዴል። እግሩን ላዩ ላይ አስተኝቼ የደረሰበትን ጨርቅ በማሰምርበት ሳሙና አሰመርኩ። ሥዕሉ ላይ ለመድረስ አራት ጣት ይቀረዋል።

ቀኙን አልለካሁም። ልብስ ሰፊ አንድ ክንድ ለክቶ፣ ጨርቁን አጥፎ፣ ሁለት እጅጌ ይቆርጣል። ደህናውን እግር ለክቼ ምን ላገኝ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። ጠዋት 2 ሰ.

ሚካኤል። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፣ ጭሱ አይጣል ነው። ሻምበል በር ላይ ቆሞ አስነጠሰው። ሲያስነጥስ ሚዛኑን ሳተ፣ ግራ እግሩ ወረደ። ጣቶቹ መሬት ነኩ! አንዴ። ለአንድ ትንፋሽ። ጋሼ ሰይድም አይተዋል፣ ምስክር አለኝ። እሳቸው አልሐምዱሊላህ አሉ፣ እኔ ሚካኤልን ጠራሁ። ሻምበል ሁለታችንንም አይቶ ደግሞ አስነጠሰ።

ዛሬ የምጽፈው ሌላ የለኝም። ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18። ከሰዓት 10 ሰ.

ጾም ገብቷል፣ አጥንት የምናገኝበት ሥጋ ቤት ዘጋ። ምን ላበላው ነው ስል ከአንዋር ጀርባ ያለው ሥጋ ቤት ፌስታል ሙሉ ላከ። ማንም አልጠየቀውም። ጋሼ ሰይድ ስለ እግሩ አውርተውለት ኖሯል። ሰው ደግ ነው፤ የሚጠፋው ወሬውን የሚያደርስለት ነው።

አዲስ ሥራ፦ ጨርቅ የሚጠቀለልባቸውን የካርቶን ቱቦዎች አምስቱን መሬት ላይ ደርድሬ በላያቸው ማራመድ። እግሩን ሳያነሳ አያልፍም። ጋሼ ሰይድ ከፊት ይመራሉ፣ እሳቸውም እግራቸውን እያነሱ። ሁለት አንካሳ በሰልፍ! የመስመሩ ሰው ሥራ ፈቶ ያያል። ከአምስቱ ቱቦ ሦስቱን ሲያልፍ ግራ እግሩን መሬት አሳረፈ።

ቸኮልኩባቸው መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉኝ። ጋሼ፣ እንቁላሉ እኮ ቀነ ገደብ አልተሰጠውም አልኳቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 27። ጠዋት 3 ሰ.

ካርቶኑ ላይ ሁለት ጣት ቀረው። ከአራት ሁለት! ሲቆም አራቱም ይነካሉ። ሲፈጥን ግን አሁንም ያነሳዋል።

መኮንን መጣ። ስለ ሻምበል መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ስለ ኮት ነው። ጥር ላይ ልጁን ይድራል። ግራጫ ጨርቅ ይዞ መጥቷል፣ ጥሩ ጨርቅ ነው። ልኩን አልለካሁትም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቼለት ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግራ እጅጌው ትንሽ ይረዝማል አለኝ። ይህን በየኮቱ ነው የሚለው! እጅጌው አይረዝምም፣ አንተ ነህ መጎተት የለመደብህ፣ አልኩት። እጅጌውን እየጎተተ ወጣ። ከበሩ ላይ ሻምበልን ቆሞ አየው፣ ብዙ ቆየ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3። ጠዋት 2 ሰ.

አንድ ጣት!! አንድ ጣት ብቻ። ዛሬ እስከ መኮንን ሱቅ ድረስ በአራት እግሩ ሄዶ ተመለሰ። ጋሼ ሰይድ ዱላቸውን ረስተው ተከተሉት። አምላኬ ሆይ፣ አንተ ለሰፊዋም ለዘበኛውም ለውሻውም እኩል ጊዜ አለህ።

ግን አንድ ጣት። ሥዕሉ ላይ ካልደረሰ አይሮጥም። ወሩ ደግሞ እየሄደ ነው። ከነገ ጀምሮ በሃያ ፈንታ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7። ከሰዓት 8 ሰ.

አንድ ጣት። አሁንም አንድ ጣት። አራት ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ሰይድን ራሱን ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ፣ አይዙር አልኳቸው። ያዙት። እስከ አርባ ቆጠርኩ፣ ትንሽ ገፋ አደረግኩ። ዝም አለ። አልላሰም፣ አልዞረም። ራሱን ይዘነው በምን ይዞራል! መጨረሻ ላይ ግማሽ ጣት አገኘሁ።

ጋሼ ሰይድ ቱታቸውን ሲያወልቁ ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም። ልቤን ደስ አላለውም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8። ጠዋት 1 ሰ.

እግሩ አየር ላይ ነው። ጉልበቱ አብጧል፣ ይፋጃል። ስጠጋው ጅራቱን እያወዛወዘ ወደ ኋላ ሸሸ። እየወደደኝ ፈራኝ። ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ነኝ። ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ። ዶ/ር ሰላም ጋ ደወልኩ። ማውራት አቅቶኝ ስልኩን ጋሼ ሰይድ ተቀበሉኝ።

መኮንን ከሱቁ በር ላይ ሆኖ አይቷል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9። ከሰዓት 9 ሰ.

መጣች። አልተቆጣችኝም፣ ያ ባሰ። ጉልበቱን ዳሰሰች። ብረቱ አልተነካም፣ አጥንቱ ደህና ነው። ጡንቻው ነው ከልኩ በላይ ተጎትቶ የተቆጣው። ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ አምስት ቀን ዕረፍት።

ከዚያ የሁለቱን እግር ልክ አሳዩኝ አለች። ካርቶኑን አቀበልኳት፣ ያው የግራው መስመር ብቻ። ቀኙስ? አልለካሁትም። ለምን? የልብስ ሰፊ ነገር፣ አንዱን ለክቼ... አልጨረስኩትም። ደህናውን ቀኝ እግር ካርቶኑ ላይ አስተኛችው፣ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ዘረጋችው፣ በሳሙናዬ አሰመረች።

ደብተሬ፣ ቀኙም አንድ ጣት ይጎድለዋል።

ደህናው እግሩ! ተሰብሮ የማያውቀው! ወረቀቱ ላይ ያለው እንዴት እንደሚያዝ ለማሳየት ነው እንጂ የማንም ልክ አይደለም አለችኝ። የሻምበል ልክ የሻምበል ሌላኛው እግር ነው፤ ጎን ለጎን ያልኩዎት ለዚህ ነበር፣ እትዬ ብርቄ።

ስለዚህ ታኅሣሥ 3 ቀን ደርሶ ነበር። ደርሶ ነበር! እኔ ከዚያ በኋላ ስጎትት የነበረው የሌላ ውሻ እግር ነው። እኔ! በሰው ልክ እንጂ በሥዕል አይሰፋም እያልኩ የተዘጋጀ ልብስ የሚገዛውን ሁሉ ስሳደብ የኖርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለእኔ ነው።

ሻምበል አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ ይቅርታ አልኩት። ጋሼ ሰይድንም። እሳቸው፣ እኔም ይዤው ነበር፣ ከአንቺ አላንስም አሉኝ። ካርቶኑን ቀድጄ ልጥል ነበር፣ ዶክተሯ ከለከለችኝ። የቀኙ መስመር ያለው እሱ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14። ጠዋት 2 ሰ.

እብጠቱ ጠፋ። በእርጋታ ብቻ ዳበስኩት። ዘርግቶ መያዝ፣ እስከ አሥር፣ ራሱ ሳይያዝ። ጋሼ ሰይድ እጃቸውን ከሥሩ ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ ሲፈልግ ያርፍበታል። ስድስት ላይ ዞሮ እጄን አየ። ወዲያው ለቀቅሁት። አሥራ ሁለት ዓይነት ምስጋና አለብኝ፣ የመጀመሪያው ግን ዛሬ ስጠጋው አለመሸሹ ነው።

ግራና ቀኝ፣ ጎን ለጎን ለካሁ። ልዩነታቸው የአንድ ጣት ግማሽ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21። ጠዋት 3 ሰ.

ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በአራት እግሩ ይሄዳል፣ ሶምሶማ ይላል፣ ትንሽ ያነክሳል። ዶ/ር ሰላም በስልክ፣ ማነከሱ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል አለች። ኮሚቴው ነገ ያየዋል። የተቻለንን አድርገናል። የመኮንንን ጨርቅ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፣ ሥራ ሐሳብ ያስጥላል። ቀኝ እጅጌውን በሳሙና አሰመርኩ። መቀሱን አነሳሁ።

አልቆረጥኩም። መልሼ አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22። ከሰዓት 11 ሰ.

ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ጠዋት መኮንንን ጠራሁት። ልለካህ ነው አልኩት። ልኬን ታውቂው የለ? አለ። ቀኙን ዘረጋልኝ፣ ለካሁ። ግራውን አልኩት። ምን ያደርግልሻል አለ። ግራውን፣ መኮንን። ዘረጋው። ክርኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሙሉ አይዘረጋም። ዶክተሯ እንዳሳየችኝ አንድ እጄን ከትከሻው በታች፣ አንዱን ከእጁ አንጓ ላይ አድርጌ፣ እንቢ ያለበት ላይ ጠበቅሁት። አልጎተትኩም። ሜትሩን ዘረጋሁ። ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል።

ሃያ ሁለት ዓመት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትክክል ነበር። እጅጌው ይረዝም ነበር።

በጉብዝናው ከመኪና ላይ ጆንያ ሲያወርድ ወድቆ ነው። ወጌሻ አሰረው፣ እንደታጠፈ ገጠመ። ለማን ተናገርክ አልኩት። ለማንም አለ። እጁ የማይዘረጋ ተሸካሚ ማን ያሠራዋል? ከዚያ ነገድኩ፣ ከዚያ መደበቁ ልማድ ሆነ። ካወቁ ያስወጡኛል ብዬ ነበራ፣ ብርቄ፣ አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። በሩ ላይ የተኛው ሻምበል ነው።

ይቅርታ ጠየቅሁት። የእኔ ጥፋት ነው፣ አንዱን ለክቼ ሁለት የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኩት። አሮጌ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጣ፣ መኮንንና ሌሎች ሁለት ነጋዴዎች። ጋሼ ሰይድ ቱታቸውን ለብሰዋል። ጥር ላይ ሙሽራ የሚሆኑት እሳቸው ይመስላሉ። አምስቱን ቱቦ ደረደርኩ። ሻምበል አራቱን አለፈ፣ አምስተኛውን ረገጠው። በዚያ ላይ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እየመጣ ነው፣ ያንኑ ጥሩምባውን እያሰማ። ማንም አልጠራውም፤ ሻምበል ራሱ በአራቱም እግሩ ፈጠነ፣ እያነከሰ፣ ግድግዳው ጥግ ደረሰ፣ ዞሮ ቆመና መኪናውን ሰደበው! እንዲያ ሲጮህ ከመስከረም ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ሾፌሩ ሳይቀር ቆመ።

አንደኛው ነጋዴ፣ ያው ያነክሳል እኮ፣ እንደ ድሮው አይደለም አለ። ሁሉም መኮንንን አዩት። እጁ ወደ ግራ እጅጌው ሄደ። ሊጎትት ያዘው። ከዚያ ለቀቀው፣ እጁን አወረደ፣ ክንዱ አጥሮ እንዲታይ ተወው።

«እንደ ድሮው ማን አለ?» አለ። «ጻፉ፦ ሻምበል ይቆያል። ጋሼ ሰይድም ይቆያሉ።»

ጋሼ ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ ብለው የሻምበልን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ለሃጩን፣ አፍንጫውን፣ ሁሉንም። ቆይተው ጀሪካናቸውን ፈለጉ። ውሃውን እኔ ቀዳሁላቸው፣ ሰባቱንም ጊዜ።

አሁን ሱቁ ጸጥ ብሏል። ግራጫው ጨርቅ እንደታጠፈ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ፈታሁት፣ ሳላጥፍ ዘረጋሁት። የትናንቱን ሳሙና አራገፍኩ። ሁለት እጅጌ፣ ለየብቻ። መቀሱን ይዣለሁ። ግራውን ነው ቀድሜ የምቆርጠው።